ከአራቱ ዳረሎች የትኛውን ልክፈት?

ነሐሴ ነበር። ዝናቡ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። የእህቴ ልጆች ቤት ውስጥ ታጉረው እርስ በርስ መቧጨር ጀምረዋል። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ሶፋው ላይ ተኮራምታለች። «እስቲ ሁላችንም አንድ ላይ የምናየው ነገር ፈልግ» አለችኝ እህቴ። «ሰው የማይገዳደልበት።»

ያኔ ነው ዳረሎች የሚባሉት የእንግሊዝ ቤተሰብ ትዝ ያሉኝ። የእነሱም ታሪክ የሚጀምረው በእንዲህ ያለ ቀን ነው። የእንግሊዝ ነሐሴ። ጨፍጋጋ ሰማይ። እናትየዋን ጉንፋን ይዟታል። አንዱ ወንድም ጆሮውን ያመዋል። እህትየዋን ብጉር አንገብግቧታል። የትንሹ ልጅ አፍንጫ ታፍኗል። ትልቁ ወንድም ደግሞ ሁሉንም እያየ ይነጫነጫል። እንዲህ ሆኖ መኖር ምን ይሉታል፣ ቤቱን ሸጠን ፀሐይ ወዳለበት እንሂድ ይላል። ሸጡና ሄዱ። ወደ ግሪኳ ደሴት፣ ወደ ኮርፉ።

ጣጣው ዳረሎች አንድ አይደሉም። መጀመሪያ ጄራልድ ዳረል በ1956 ያሳተመው የልጅነት ትዝታ መጽሐፍ አለ። ከእሱ የተቀዱ ሦስት የቴሌቪዥን ሥራዎች አሉ፦ የ1987ቱ የቢቢሲ ተከታታይ፣ የ2005ቱ የቢቢሲ ፊልም፣ ከ2016 እስከ 2019 በአይቲቪ የታየው ረጅሙ ተከታታይ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) እኔ ብዙም ሳላስብ አዲሱን ከፈትኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የእህቴ ልጅ «እንስሶቹ መቼ ነው የሚመጡት?» አለ። እናቴ ደግሞ «የእነዚህ ልጆች አባት የት ሄዶ ነው?» አለች። ሁለቱም ልክ ነበሩ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ለዚያ ሶፋ የሚሆነውን አልመረጥኩም።

ይህን የምጽፈው እናንተ እንዳትሳሳቱ ነው።

መጀመሪያ ቤተሰቡን እንወቅ

ጄራልድ፣ የቤት ስሙ ጄሪ፣ በ1925 ህንድ አገር ጃምሼድፑር ተወለደ። አባቱ መሐንዲስ ነበር። ጄሪ ገና ሦስት ዓመቱ ሳለ፣ በ1928 ሞተ። እናትየዋ ሉዊዛ ራሷም ህንድ ውስጥ ተወልዳ ያደገች ናት። ስለዚህ እንግሊዝ አገር ልጆቿን ይዛ ስትገባ «አገሯ ገባች» ለማለት ያስቸግራል። በ1935 ወደ ኮርፉ ሲያቀኑ፣ በመጽሐፉ ቆጠራ ላሪ 23፣ ሌስሊ 19፣ ማርጎ 18፣ ጄሪ 10 ዓመታቸው ነበር። እስከ 1939 ቆዩ።

ላሪ ኋላ ስሙ የገነነው ደራሲ ሎረንስ ዳረል ነው። ሌስሊ ጠመንጃ ይወዳል፤ ያየውን ሁሉ ይተኩሳል። ማርጎ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ተረትና ምሳሌ እያጣመመች ትናገራለች። ጄሪ ነፍሳት፣ ኤሊ፣ እባብ፣ ጉጉት ሰብስቦ ቤት ያገባል። አድጎም አልተወውም። በ1959 ጀርዚ ደሴት ላይ የእንስሳት ማቆያ ከፈተ፤ ሊጠፉ የተቃረቡ ዝርያዎችን ማርባት የሕይወቱ ሥራ ሆነ።

የመጽሐፉ ርዕስ «ቤተሰቤና ሌሎች እንስሳት» ማለት ነው። «ሌሎች» የምትለዋን ልብ በሉ። እናቱንና ወንድሞቹን ከእንስሳቱ ጋር ቆጥሯቸዋል። እኛ ዘንድ «እንስሳ» ብለህ ብትጽፍ ሽማግሌ ይላክብሃል። እሱ ግን በፍቅር ነው ያደረገው፤ ስታነቡት ይገባችኋል።

መለያው፦ መሃል የተቀመጠው ማን ነው?

ሰው ሲያወዳድር «የትኛው ይበልጣል?» ይላል። እዚህ ላይ ይህ ጥያቄ ብዙ አያራምድም፤ አራቱም ጥሩ ናቸው። እኔ የማየው መሃል ላይ ማን እንደተቀመጠ ነው። መጽሐፉ ውስጥ መሃል ያለው ልጁ ነው፣ የሚያየውም እሱ ነው። በ1987ቱ ልጁና እንስሳቱ ናቸው። በ2005ቱ ሳቁ ነው። በ2016ቱ እናትየዋ ናት።

ይህን በአንድ ሰው መፈተን ይቻላል። ስፒሮ ይባላል፤ የታክሲ ሹፌር ነው። አሜሪካ ቺካጎ ሠርቶ የተመለሰ፣ ዶጅ መኪና ያለው፣ ደሴቲቱ ላይ የማያውቀው ሰው የሌለ፣ እንግሊዝኛ ሲናገር ቃል ሁሉ ጫፍ ላይ «ስ» የሚለጥፍ። አማርኛ ቢሆን «ቤቶች ትፈልጋላችሁዎች?» እንደማለት ነው። ዳረሎች በደረሱ ሰሞን ከባለ ታክሲዎች ጋር ሲጨቃጨቁ ድንገት በጩኸት ገብቶ ያድናቸዋል። የሆቴሉ ሰው ያሳያቸው ቤት ሁሉ መታጠቢያ የለውም፤ እናትየዋ ደግሞ ያለ መታጠቢያ ቤት አልገባም ብላለች። ስፒሮ ባለ መታጠቢያ ቤት አውቃለሁ ይላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የቤተሰቡ ጠባቂ፣ ገበያተኛ፣ ጠበቃ ሆኖ ይቀራል።

መጽሐፉ ውስጥ ስፒሮ አጭር፣ በርሜል የሚያክል፣ እጁ እንደ ታፋ ሥጋ የወፈረ፣ ፊቱ የተቋጠረ፣ ኮፍያውን ያዘነበለ ሰው ነው። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ የሚወደው ዓይነት ግዙፍ ጠባቂ። በ1987ቱ የተጫወተው ብራያን ብሌስድ ነው። የዚህን ሰው ድምፅ የሰማ ያውቀዋል፤ ሲያንሾካሹክ ራሱ ጎረቤት ይሰማል። በ2005ቱ ኮሜዲያኑ ኦሚድ ጃሊሊ ነው። በ2016ቱ ግን አሌክሲስ ጆርጉሊስ የሚባል የግሪክ ተዋናይ መጣ። ቁመና አለው፣ መልክ አለው፣ ዓይኑ ይናገራል። እናቴ ገና ብቅ ሲል ጋቢዋን አስተካክላ «ይሄስ ማነው?» አለች።

እንግዲህ ያ ነው ልዩነቱ። ስፒሮ የልጁ ጠባቂ ከሆነ የልጁን ታሪክ ነው የምታዩት። ስፒሮ እናትየዋን የሚያስደነግጥ መልከ መልካም ከሆነ ደግሞ የእናትየዋን። በ2016ቱ በሁለቱ መካከል ቀስ እያለ የሚበስል ፍቅር አለ። በእውነተኛው ሕይወት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ የተከታታዩ ደራሲ ሳይመን ናይ የፈጠረው ነው።

ስለ ሳይመን ናይ ካነሳን አንድ የሚገርመኝ ነገር ልጨምር። የ2005ቱን ፊልም የጻፈውም እሱ ነው። ያንኑ መጽሐፍ፣ ያው ሰው፣ በአሥር ዓመት ልዩነት ሁለቴ ሠራው። መጀመሪያ በአንድ ሰዓት ተኩል ግድም፣ ኋላ በ26 ክፍል። መጀመሪያ መጽሐፉን አሳጠረ። ኋላ ላይ መጽሐፉ ዝም ያለውን ጻፈ።

መጽሐፉ፦ እንግሊዝኛ ለማያስፈራው

መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ሌሎቹን ቢያይ ይጣፍጡታል። ያነበበ ግን የጎደለውን ያውቃል። ጄሪ መጀመሪያ ሊጽፍ ያሰበው የደሴቲቱን የእንስሳትና የዕፅዋት ነገር ነበር። ቤተሰቡ ገጾቹን ወረሩበት። ይህንን ራሱ መግቢያው ላይ ይናገራል። ስለዚህ መጽሐፉ ሁለት ነው፤ አንዱ ምዕራፍ የወንድማማች ጭቅጭቅ፣ ሌላው ደግሞ ልጁ ሆዱ ላይ ተኝቶ ጉንዳን የሚያይበት።

አንድ ቦታ ላይ አንድ የግድግዳ እንሽላሊትና እጆቿን ለጸሎት እንዳጣመረች ሴት የምትቆም አረንጓዴ ነፍሳት የልጁ መኝታ ክፍል ውስጥ ይጣላሉ። እንሽላሊቱ ጄሮኒሞ ይባላል፤ እሷ ሲስሊ። በጣት ርዝመት ፍጥረታት መካከል የተደረገ ጦርነት ነው። ጄሮኒሞ ጅራቱን ጥሎ ያሸንፋል። እሱን ምዕራፍ ስትጨርሱ ከልባችሁ ታዝናላችሁ፤ ለማን እንደሆነ ግን አታውቁትም። ካሜራ ይህን ሊያሳይ ይችላል። ልጁ ጣሪያውን እያየ የሚያስበውን ግን ማሳየት ይከብደዋል።

ለእኛ አንባቢ የሚጥም ደግሞ የቅዱስ ስጲሪዶን ምዕራፍ ነው። ኮርፉን የሚጠብቃት ቅዱስ እሱ ነው። በኒቅያ ጉባኤ ከተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች አንዱ እንደነበረ ይነገርለታል። ዐፅሙ ከተማው ውስጥ በስሙ በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው። የደሴቲቱ ወንድ ግማሹ «ስፒሮ» የተባለው በእሱ ነው። እንግዲህ አንድ ቀን ዳረሎች ገበያ ወጥተው ሳለ የሚሳለም ሕዝብ ገፍቶ ያስገባቸዋል። መንገድ መመለሻ የለም። እናትየዋ ተሳላሚው ሁሉ አፉን ያሳረፈበትን ነገር እያየች ትጨነቃለች፤ ለማርጎ እንዳትስሚ ለማለት ትሞክራለች። ማርጎ ብጉሯ እንዲድንላት ስለፈለገች በሙሉ እምነት ግጥም አድርጋ ሳመች። በማግስቱ ኢንፍሉዌንዛ አልጋ ላይ ጣላት። ንግሥ ላይ ተጋፍቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ከማንም ፈረንጅ የበለጠ ይገባዋል።

አስቸጋሪው ቋንቋው ነው። እንግሊዝኛው ውብ ነው፣ ግን የአበባና የነፍሳት ስም ይበዛበታል። መዝገበ ቃላት እያገላበጣችሁ ከሆነ ሳቁ ያመልጣችኋል። የኔ ዘዴ የማላውቀውን አበባ አበባ ነው ብዬ ማለፍ ነው። ካለቀባችሁ ደግሞ ጄሪ ስለዚያው ደሴት በ1969 እና በ1978 ሁለት ሌላ መጽሐፍ ጨምሯል።

ሁሉም ይዋሻሉ

«በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ነገር የምትወዱ ከሆነ ይህንን ቀድማችሁ ስሙ። አዲሱን ተከታታይ ሰዎች «መጽሐፉን አበላሸ፣ ፈጠራ ጨመረ» ይሉታል። ጨምሯል። ግን መጽሐፉስ?

መጽሐፉ ላይ ላሪ ወንደላጤ ነው፤ ከእናቱ ቤት እየኖረ ሁሉን ይተቻል። እውነቱ ላሪ በ1935 መጀመሪያ ናንሲ የምትባል ሠዓሊ አግብቶ ነበር። ኮርፉ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የኖሩት ለብቻቸው ነው፤ ካላሚ በምትባል የባሕር ዳር መንደር፣ ነጩ ቤት በሚባለው። ጄሪ ናንሲን ከነአካቴው ከመጽሐፉ አወጣት። አንድ ሙሉ ምራት! ነሐሴውም ቢሆን እንደዚያው ነው። በእውነቱ ጉዞውን የጀመሩት በማርች ነበር። ግን ታሪክ በማርች ሲጀምር ዝናቡ ያን ያህል አያስለቅስም።

በአንጻሩ ላሪ ራሱ ስለ ኮርፉ በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ቤተሰቡን ብትፈልጉ አታገኟቸውም ማለት ይቻላል። አንዱ ሚስቱን ሰረዘበት፣ ሌላው እናቱንና ወንድሞቹን። ወንድማማች ናቸው።

ስለዚህ እኔ ለእውነት ብዬ አልመርጥም። መጽሐፉ በማስቀረት ይዋሻል። ተከታታዩ በመጨመር። የትኛው ውሸት እንደሚስማማችሁ ማየት ነው። ሌላው ቀርቶ ገንዘቡ ላይ ራሱ ይለያያሉ። መጽሐፉ ላይ ቤተሰቡ ድሃ አይመስልም፤ ሠራተኛ አላቸው፣ እንግዳ ይመጣል፣ ቤት ይቀያየራል። በአዲሱ ተከታታይ ግን ሉዊዛ ሳንቲም የምትቆጥር መበለት ናት። ቤቱ መብራት የለውም። ጂን ትጠጣለች። አራተኛው ምዕራፍ ላይ እንግዳ ማሳረፊያ ትከፍታለች።

በነገራችን ላይ የቤት መቀያየሩ ነገር። መጽሐፉ ላይ ሦስት ቤት ነው የኖሩት፤ ሮዝ፣ ቢጫና ነጭ። ከመጀመሪያው የለቀቁት ላሪ ሳያማክር ጓደኞቹን ስለጠራና ማስተኛ ስላልነበራቸው ነው። ከሁለተኛው የለቀቁት ደግሞ አንዲት የማይወዷት አክስት ልምጣ ስላለች። ቤቱ ጠቦናል ለማለት ትንሽ ቤት ተከራዩ! እንግዳ ለመሸሽ ቤት መልቀቅ። እናቴ ይህን ስነግራት በሳቅ ብዛት ዕንባዋን ጠረገች፤ ከዚያ ግን «ነውር ነው» አለች።

1987፦ ትዕግሥት ላለው

ይህ አሥር ክፍል አለው። ሃና ጎርደን እናትየዋን፣ ዳረን ሬድሜይን ጄሪን ይጫወታሉ። የተቀረጸው ኮርፉ ላይ ነው። ምስሉ የዘመኑ ነው፤ ደብዘዝ ይላል። አሁን ስክሪን ላይ የለመድነው ጥራት አይጠበቅ።

እርምጃውም ዝግ ያለ ነው። ዝግ ማለቱ ነው ደግሞ የሚጠቅመው። ልጁ ኤሊውን ይዞ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ ካሜራው አብሮት ይቀመጣል። ከሁሉም ለመጽሐፉ የሚቀርበው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። መጽሐፉን የሚወድ ሰው ከጠየቀኝ መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው። ስልኩን እያየ ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ከጠየቀኝ ግን ዝም እላለሁ።

ሌላው፣ ልጆች ፊት የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ሪሞት ይዞ የሚጠባበቅ አባት አያስፈልገውም።

2005፦ አንድ ምሽት ብቻ ካላችሁ

በፊልሙ ላይ ብዙ አልቆይም። ኢመልዳ ስታውንተን እናትየዋን ትጫወታለች፤ ለእሷ ሲባል ብቻ ይታያል። ማቲው ጉድ ላሪን፣ ራስል ቶቪ ሌስሊን። ጥሩ ተዋናይ ታጭቆበታል። ግን አራት ዓመት በአንድ ሰዓት ተኩል ሲጨመቅ ቀልዱ ብቻ ይተርፋል። ደሴቲቱ ስትለመድ ያልቃል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልጆች ተሰብስበው፣ ፋንዲሻ ተፈንድቶ ከሆነ እሱን ክፈቱ። መጽሐፉን እንዲያነቡ ለማጓጓትም ይሆናል።

አንድ ወሬ ብቻ። ስለ እንግሊዝ ንጉሣውያን ቤተሰብ የተሠራውን ዝነኛ ተከታታይ ያያችሁ ከዳረሎች ሦስቱን እዚያ ታገኟቸዋላችሁ። የ2005ቷ እናት ኋላ ንግሥት ኤልሳቤጥን ሆነች። የ2005ቱ ላሪ የልዕልት ማርጋሬትን ባል። የ2016ቱ ላሪ፣ ጆሽ ኦኮነር፣ ልዑል ቻርልስን። እናቴ ጆሽን ባየችው ቁጥር «ይሄ ልጅ ዛሬም ተከፍቷል» ትላለች።

2016፦ ለእናቶች፣ ግን ልጆቹ ሲተኙ

አራት ምዕራፍ ነው፤ 6፣ 6፣ 8 እና 6 ክፍል። ሁሉንም ለማየት ወደ 20 ሰዓት ግድም ይፈልጋል። አሜሪካ ያላችሁ ፒቢኤስ ላይ «ዘ ዳረልስ ኢን ኮርፉ» በሚል ስም ያያችሁት ይህንን ነው። እንግሊዝ የታየው «ዘ ዳረልስ» ተብሎ ነበር። ሁለት የተለየ ነገር መስሏችሁ እንዳትደናገሩ።

ኪሊ ሃውስ እናትየዋን ሆና ጀመረች፤ ጨዋታው ያን ጊዜ ተቀየረ። መጽሐፉ ውስጥ ልጆቹ የሚጠሯት «ማዘር» እያሉ ነው፤ ተራኪውም እንደዚያው። (ልክ እኛ ሰፈር እንደምንለው። ይህ ቃል አንዴ ሳይተረጎም የገባልን ቃል ነው።) ማዘር እዚያ ወጥ ታማስላለች፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ታነባለች፣ ልጆቿ ሲጨቃጨቁ «አይ እናንተ» ትላለች። አዲሱ ተከታታይ «ማዘር» የምትባለዋ ሴት ስሟ ሉዊዛ እንደሆነ አስታወሰ። ባሏ የሞተባት፣ ገና ያላረጀች፣ አራት ልጅ የሚያደክማት፣ ማታ ማታ ሁሉም ሲተኛ ብቻዋን በረንዳ ላይ የምትቀመጥ ሰው ናት።

እናቴ ለምን «አባታቸው የት ሄዶ ነው?» እንዳለች የገባኝ ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው። እሷም አራት ልጅ ብቻዋን አሳድጋለች። የሚያስቀው ሁሉ ላይ አልሳቀችም። ሉዊዛ ልጆቿ የጨረሱትን ሳህን እየሰበሰበች ለራሷ የሚነገር አንድ ነገር ስታጉረመርም ግን ሳቀች። እኔ ያንን ቦታ ልብ አላልኩትም ነበር።

ማሳሰቢያዬ ይኸውላችሁ። የአልጋ ጉዳይ አለ። ላሪ አፉን አይሰበስብም። ሌስሊ ከሴቶች ጋር የሚገባበት ጣጣ አለ። ከአማት ጋር የሚታይ ዓይነት አይደለም፤ ወይም ደግሞ አማታችሁን ታውቋቸዋላችሁ። ትንንሽ ልጆችም ይሰለቻሉ። ማይሎ ፓርከር የሚጫወተው ጄሪ ደስ ይላል፣ እንስሳቱም አሉ። ነገር ግን ታሪኩ ከአምስት ሰው ጋር ስለሚሯሯጥ እነሱ ጋ የሚመለሰው በየመሃሉ ነው።

ከአራቱ ሁሉ ለግሪኮቹ ቦታ የሰጠውም ይሄው ነው። ስፒሮንና የጄሪን መምህር ዶክተር ቴዎዶርን የሚጫወቱት ግሪካውያን ናቸው። ግሪክኛው ይሰማል። ቴዎዶር ስቴፋኒደስ እውነተኛ ሰው ነበር፤ ሐኪም፣ ገጣሚ፣ በማይክሮስኮፕ የኩሬ ውኃ የሚያጠና። ጄሪ እንስሳ ማየትን የተማረው ከእሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግሪክ ጎረቤት ወይም ግሪክ ባለሱቅ የነበራቸው ትልልቆቻችን ይህኛውን ሲያዩ የሚያስታውሱት ሰው አይጠፋም።

ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ የጦርነቱ ጥላ ይገባል። መጽሐፉ ይህን ከሞላ ጎደል ትቶታል። የእኛ ሰው ሲያይ ግን ዝም ብሎ አያልፈውም። ዳረሎች ኮርፉ በገቡበት በዚያው 1935 ነው ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን የወረረው። ኮርፉን ደግሞ ከእኛ በፊት ቀምሷታል። በ1923 መርከብ ልኮ ከተማዋን ደበደበ፣ ያዛትም። ጦሩ ደሴቲቱን ለቆ የወጣው በሴፕቴምበር 27 ነው። ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው በማግስቱ፣ በ28 ነው። ያ ማኅበር ሙሶሊኒን ፊት ለፊት ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚለሳለስ ኮርፉ ላይ ታይቶ ነበር። እኛ ገና መግባታችን ነበር። ጄሪ ወይራ ሥር ኤሊ ሲያሳድድ እኛ የት እንደነበርን እያሰብኩ ያየሁባቸው ክፍሎች አሉ።

አጨራረሱንም አስቡበት

ምን ዓይነት ስንብት እንደምትችሉ ካወቃችሁ መምረጥ ይቀላል። (መጨረሻውን አስቀድሞ መስማት የማይወድ ይህን አንቀጽ ይዝለል።) መጽሐፉ ላይ የሚሄዱት ልጁ መማር አለበት ተብሎ ነው። እንስሳቱን በሳጥንና በቅርጫት ጭነው ባቡር ላይ ይወጣሉ። የስዊዝ ድንበር ላይ ፓስፖርታቸውን ያየው ሰው ቅጹ ላይ ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? «አንድ ተጓዥ ሰርከስና ሠራተኞቹ።» እናትየዋ ተቆጣች። እኛ እየሳቅን እንለያለን። አዲሱ ተከታታይ ግን ጦርነት እየመጣ እንደሆነ እያወቃችሁ ነው የሚያሰናብታችሁ። ኤፕሪል 1939 ጣሊያን አልባንያን ያዘች፤ አልባንያ ደግሞ ከኮርፉ ባሕሩን ሻገር ብላ የምትታይ ናት። እህቴ መጨረሻው ላይ አለቀሰች። እኔ ቡና ላፈላ ተነሳሁ።

እንግዲህ የኔ ምርጫ

ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት የሆኑ ልጆች ካሏችሁ፣ መጀመሪያ የ2005ቱን ፊልም አሳዩአቸው። ከወደዱት የ1987ቱን በቀን አንድ አንድ ክፍል ስጧቸው። በአንዴ ከሰጣችሁ ይሰለቻሉ። ከእናታችሁ ወይም ከሚስታችሁ ጋር ከሆነ የ2016ቱን፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ታገሡ፣ ቤተሰቡን እስክትለምዱ ትንሽ ይንጫጫል። ብቻችሁን ከሆናችሁ፣ እንግሊዝኛውም ካላስፈራችሁ፣ መጽሐፉን። ሁለት ማየት ከፈለጋችሁ የ2005ቱንና የ2016ቱን ተከታታይ አድርጋችሁ አትክፈቱ። የአንድ ደራሲ እጅ ስለሆነ ድግግሞሹ ይታያል።

በምንም ታዩት በምን፣ ግን አንድ ምዕራፍ ለልጆቻችሁ ከመጽሐፉ አውጥታችሁ በአማርኛ ተርኩላቸው። የጊንጧን። ጄሪ አንዲት እናት ጊንጥ ከነልጆቿ ያገኛል። ልጆቿን ጀርባዋ ላይ አዝላለች። የክብሪት ቀፎ ውስጥ ያስገባትና ምሳ ደርሶ ሲጠራ እሳት መሞቂያው መደርደሪያ ላይ ይረሳታል። ከምሳ በኋላ ላሪ ሲጋራ አፉ ላይ ሰክቶ እያወራ ቀፎውን ያነሳል። ይከፍተዋል። ጊንጧ እጁ ላይ ትወጣለች። ይጮኻል፣ ያራግፋታል፣ ጠረጴዛው ላይ ትወድቃለች፣ ግልገሎቿ በየሳህኑ ይበተናሉ። ማርጎ ውኃ ትደፋለች፤ ጊንጦቹን ሳይሆን እናቷን ታርሳለች። ውሻው ሮጀር ቤተሰቡ የተወጋ መስሎት የሚነክሰው ሲፈልግ ሠራተኛዋን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ይነክሳታል።

ይህን ለእህቴ ልጆች የተረክሁት በዚያው ዝናባም ሳምንት፣ መብራት በጠፋበት ማታ ነው። እናቴ ከጎን ሆና የማትሰማ መስላ ትሰማ ነበር። አሁን ዕጣን ልታጨስ ክብሪት ስታነሳ ቀፎውን መጀመሪያ ጆሮዋ አጠገብ አድርጋ ነቅነቅ ታደርገዋለች።